ለቄስ የተለቀቀ አልጋ

ሆስፒታላችን «ገደል አፋፍ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ታሞ የማያውቅ መሆን አለበት። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ከመውረዱ በፊት ያለው ሜዳ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ ጉም እንጂ ሌላ አይታይም። የኔ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ድንችና ነጭ ሽንኩርት እነግዳለሁ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ጎረቤት ያለው ሰው እሱ ባይማር ጆሮው ይማራል።

ጎረቤቴ ዶክተር ትሕትና ናት፤ የዳባቱ የመሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ። አባቷ ይህን ስም ሲያወጡላት ተስፋ አድርገው ነበር መሰለኝ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ለድሀ አዛኝ ናት፣ ታላላቆቿን ታከብራለች፤ ስሙ ግን እስካሁን አልያዛትም። ይህን ፊት ለፊቷም እላታለሁ፤ ትስቃለች።

ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡትን የሕክምና ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ታስተምራለች። የምታስተምረው ማዳን አይደለም፤ ማዳኑን ሌሎች ያስተምሯቸዋል። እሷ የምታስተምራቸው በሽተኛውን ራሳቸው እንዳይጎዱት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ።

«ሐኪም እንዳይጎዳ ይማራል እንዴ? ይኼማ እናት ቤት የሚማሩት ነው» አልኋት።

«እናት ቤት የተማርነውማ ዝም ማለት ነው እትዬ ሸጊቱ» አለችኝ። «የሚጎዳውም እሱ ነው።»

አንድ ሐሙስ ደግሞ «ዛሬ መጥተው ይታመሙልኝ» ብላ ወሰደችኝ። አልጋ ላይ አስተኝታ በብርድ ልብስ እስካገጬ ሸፈነችኝና ተማሪዎቿን ጠራች። አንዷ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ዓለምብርሃን ነዎት?» አለችኝ። እማማ ማለቷን ይቅር ብያታለሁ።

«አዎ» አልሁ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ለምን አዎ አሉ?» አለች ትሕትና።

«ታዲያ ጋውን የለበሰ ሰው ጠይቆኝ አይደለሁም ልበል? ተራዬ ቢያልፍስ? ደግሞ ልጅቱ ጎንበስ ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ ታሳዝናለች።»

ትሕትና ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። «ሰማችሁ? የኛ አገር በሽተኛ እናንተን ከሚያሳፍር የሌላ ሰው መርፌ ቢወጋ ይመርጣል። ስሙን ራሳችሁ ጠርታችሁ 'ነህ ወይ' አትበሉት። እሱ ይንገራችሁ።»

ቀጥላ ልደቱን አስነሳችው። ልደቱ የጃናሞራ ልጅ ነው፤ ከኔ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እንኳን ትልቅ ሰው ሲናገር ሊያቋርጥ፣ ዶሮዬ እንኳ መንገዱ ላይ ብትቆም እስክታልፍ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር።

«ዲያቆን ቅዳሴ ላይ ሲያነብ ቢሳሳት ምን ይሆናል?» አለችው።

«ይታረማል።»

«ማን ያርመዋል?»

«የሰማ ሁሉ። ከመሪጌታው እስከ ተማሪው።»

«'ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ካልተሳሳትሁ' ብሎ ይጀምራል?»

ልደቱ ፈገግ አለ። «እሱማ ቅዳሴው ያልፋል። ትክክለኛውን ቃል ብቻ ጮክ ብሎ ይለዋል። አንባቢው ተመልሶ አስተካክሎ ያነበዋል፤ ይቀጥላል።»

«አንባቢው አይቀየምም?»

«ሊቀየም ይችላል። ግን አስተካክሎ ያነበዋል።»

«በቃ ይኼው ነው ትምህርቱ» አለች። «ለፊደል እንዲህ የምንቆረቆር ሰዎች ለሥጋ ሲሆን ለምን አፋችን እንደሚያያዝ እኔ አላውቅም። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስሕተት ያየ ትክክለኛውን ይበል፤ ጮክ ብሎ።»

ይህን ስትል ዶክተር እንዳለው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዶክተር እንዳለው የኦፕራሲዮኑ አለቃ ናቸው። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የእህቴን እንቅርት እንዲያ አድርገው ሲያወጡላት ዛሬ ጠባሳውን እንኳ በሐብል ትሸፍነዋለች። አገሩ ሁሉ ይመርቃቸዋል። እሳቸውም ምርቃቱን ሰምተውታል።

«ዶክተር ትሕትና» አሉ፣ «የኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ቅኔ ማኅሌት አይደለም። በኔ ቢላ ፊት አፉን የከፈተ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል። ውጤቱን የምሞላው እኔ ነኝ።»

«ከተሳሳቱስ ዶክተር?»

«ስሳሳት አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«የሚነግርዎ ሰው ቢኖር አውቅ ነበር» አለች።

አባቷ ያወጡላት ስም የት እንደገባ እንጃ።

ማምሻውን ልደቱ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ድንች ሲያጥብልኝ ፊቱ ጠቁሯል። የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ የቀረው የዶክተር እንዳለው ክፍል ብቻ ነው። ከመንደሩ ሐኪም ሊሆን የመጀመሪያው እሱ ነው። አባቱን ከአሁኑ «የዶክተር አባት» እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ወንበር ይለቀቅላቸዋል።

«ዓመት ብደግም ወንበሩን ይመልሱ ይሏቸዋል» አለኝ።

«ምን ልታደርግ ነው ታዲያ?»

«ዝም እላለሁ እትዬ። እስክመረቅ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ እናገራለሁ።»

«ከዚያ በኋላማ አንተም ዶክተር ትሆናለህ፤ ማንም አይናገርህም» አልሁት። አልሳቀም።

በዚያው ሳምንት የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ከአምቢኮ መጡ። ስኳር አለባቸው፤ የቀኝ እግራቸው ቆስሎ አልሽር ብሏል። ጥቂት ቀን እኔ ዘንድ ሰነበቱ። በየማለዳው ግቢዬ ውስጥ ቆመው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ልደቱ ጥርሱን እየፋቀ ያዳምጣቸው ነበር። ትሕትና እግራቸውን አየችና «ይተኙ፤ በመድኃኒትና በእጥበት እናድነዋለን» አለች። አልጋ ስድስት ተሰጣቸው። በሩ ሥር ነው፤ የሰሜንን ነፋስ ማንም ሳያስተናግደው ቀጥታ የሚገባበት።

አልጋ አምስት መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ነው። የተኛበት ያርጋል የሚባል የቡይት ራስ ገበሬ ነው፤ ድንጋይ ተንከባሎ የቀኝ እግሩን ጨፍልቆት ጣቶቹ ሞተዋል። በማግሥቱ ሊቆረጡለት ቀጠሮ ተይዟል።

ቄሱ ሲገቡ መነሳት የሚችለው ሁሉ ተነሳና «ኖር» አለ። መነሳት የማይችለውም ተነሳ። «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ቄሱ። ያርጋል በአንድ እግሩ ቆሞ መቀመጥ እንቢ አለ።

«ቄስ በር ላይ ተኝተው እኔ መስኮት ሥር አልተኛም» አለ።

«አይሆንም ልጄ፤ አንተም ሕመምተኛ ነህ።»

«አባ፣ ነገ ቢላ ሥር ልገባ ነው፤ ይችን ጽድቅ አይንፈጉኝ።»

ቄሱ እንደ ወጉ እንቢ አሉ፤ እንደ ወጉ ተለመኑ፤ እንደ ወጉ እሺ አሉ። ብርድ ልብሳቸውን ያሻገርሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ ሁሉ መረቀው። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እኔ ዛሬም ደስ የሚል ነገር ነው እላለሁ፤ ሐኪሞቹ የፈለጉትን ይበሉ። የአልጋው ወረቀት ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። እሱን ለማሻገር ማን ያስባል?

በማግሥቱ ጠዋት አጥሚት ላመጣ ቤቴ ደርሼ ስመለስ አልጋ አምስት ባዶ ነው።

«ቄሱስ?» አልሁት ያርጋልን።

«ለኦፕራሲዮን ወሰዷቸው።»

«የምን ኦፕራሲዮን? የሳቸው በመድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«እንጃ። ዛሬ እኔ ነበርሁ ተረኛው። ግን ቄስ እያሉ እኔን ማስቀደሙ አሳፍሯቸው መሰለኝ፤ ደግ አደረጉ» አለ ያርጋል፤ ከልቡ ነው።

የአጥሚቱ ሣህን ከእጄ ወድቆ የት እንደተንከባለለ አላየሁም። ሮጥሁ። የኦፕራሲዮኑ በር ላይ በቀይ «መግባት ክልክል ነው» ይላል። በመዳፌ ደበደብሁት። የሚሰማኝ ጠፋ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረኝ ልደቱ ነው። ቄሱን ጥምጣማቸውን አውልቀው አረንጓዴ ቆብ ሲያደርጉባቸው እንደ ማንም ገበሬ መሰሉ። ነርሷ «አልጋ አምስት፣ ተዘጋጅተዋል?» ስትላቸው «እንደ ፈቃዱ» ብለዋል። ከወገባቸው በታች አደነዘዟቸው፤ ከደረታቸው ላይ ጨርቅ ጋርደው ፊታቸውን ከለሉት። የሚታየው በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እግር ብቻ ነው። ዶክተር እንዳለው ታጥበው ጓንታቸውን አጥልቀው መጡ።

«አልጋ አምስት። የቀኝ እግር ጣቶች ይቆረጣሉ» አሉ። «ልደቱ፣ ፋሻውን ፍታ።»

ልደቱ መቀሱን አነሳ። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማ። ውዳሴ ማርያም ነው። ሰው ሁሉ በጭንቅ ጊዜ ይጸልያል፤ ይህንኛውን ድምፅ ግን ልደቱ ጥርሱን እየፋቀ የሰማው ነው።

«የቄሱ ድምፅ ነው እትዬ» አለኝ። «አባቴ ለቅሶ ቤት ከወንበር ሲነሱ ታዩኝ።»

«እሺስ?»

«ይቅርታ ዶክተር ልል ነበር። ይቅርታ ብዬ ብጀምር እዚያው ይቅርታው ላይ እንደምቀር አወቅሁት።»

ስለዚህ ይቅርታውን ዘለለው። እንደ ቅዳሴው ትክክለኛውን ብቻ ጮክ ብሎ አለው፦

«ቄስ ገብረ ክርስቶስ ናቸው።»

ዶክተር እንዳለው ከአፍ መሸፈኛቸው በላይ በዓይናቸው ብቻ አዩት። «ፋሻውን ፍታ ብያለሁ።»

«ቄስ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። አልጋ ስድስት። እጥበት ብቻ የታዘዘላቸው።»

«አቤት ልጄ» አለ ድምፁ ከመጋረጃው ወዲያ። «ማነው የጠራኝ?»

ዶክተር እንዳለው መጋረጃውን በራሳቸው እጅ አነሱት። ቢላውን ልታቀብላቸው የነበረችው ነርስ እስካሁን ድረስ እጇ እንደተዘረጋ ነው አሉ።

«አባ፣ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ኑ አላችሁኝ፣ መጣሁ። ሐኪም ያውቃል ብዬ ነዋ።»

ቄሱን ፋሻቸው ሳይፈታ ወደ አልጋ ስድስት፣ ያርጋልንም ወደ መስኮቱ መለሷቸው። ትሕትና ነገሩን ስትሰማ በቀጥታ ወደ አልጋቸው ሄደች። አጠገባቸው ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ያርጋል እየሰማ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። «ጣቶችዎን ልንቆርጥ ነበር አባ። የሌላ ሰው ቀጠሮ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው» አለች።

ያርጋል አለቀሰ። «ጽድቅ ብዬ ነበርኮ» ይላል። ቄሱ ግን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው እግራቸውን ሲያዩ ቆዩ።

ዶክተር እንዳለው ይህን ሲሰሙ ትሕትናን በኮሪደሩ አገኟት። «ምንም ባልተፈጠረ ነገር በሽተኛ የምታስጨንቂው ማን ፈቅዶልሽ ነው?»

«እግሩ የሳቸው ነው ዶክተር። ከሳቸው ሌላ ማንን ላስፈቅድ?»

«ፋሻው ሲፈታ አየው ነበር። የያርጋል ጣት የሞተ ጣት ነው። በዓይኔ ስሕተት አልሠራም።»

ከዚያም ልደቱን አስጠሩት። በባልደረቦቻቸው ፊት አሳፍሯቸዋልና በሰው ፊት «አጠፋሁ» ይበል፤ ካላለ ውጤቱ ላይ አይፈርሙም። ልደቱ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ያ ለዶሮ የሚቆም ልጅ «ጉልበትዎን ሳም ካሉኝ እስማለሁ፤ ታላቄ ነዎት። አጠፋሁ ግን አልልም፤ አላጠፋሁምና» አላቸው።

ያከራየሁት እኔ ስለሆንሁ ደግሞ ወደኔ ላኩ። «ሽማግሌ ይዘሽ ልጁን አምጪው፤ ሳይበላሽ በፊት።» እኔም ሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም፤ አልጋ ስድስት ሥር ነው የሄድሁት።

ቄሱ ሰሙኝና «ይቅርታ ነው የሚፈልገው?» አሉ።

«ይቅርታ ነው አባ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«ደግ። በሚቀጥለው ሐሙስ ትሕትና ከምታስተምርበት ይሁን። ያረመው በተማረው ነው፤ እዚያው ይጣራ። ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

ዶክተር እንዳለው እሺ አሉ፤ ደስም ሳይላቸው አልቀረም። ሐሙስ ተማሪው ሁሉ ተሰበሰበ። ልደቱ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ የለበሰው ጋውን እንደ መግነዝ ነጥቷል። ቄሱ በኔ ትከሻና በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ። «ኖር» ተባለ፤ ዶክተር እንዳለውም ተነሱ። ቄሱ ተቀመጡና ሌላ ወንበር አስመጥተው በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን ሰቀሉበት።

«ይችን እግር አምጥቻታለሁ» አሉ። «በዚህ ነገር ውስጥ ያጠፋች እሷ ናት፤ በሰው አልጋ ላይ የተኛች። እሷ ይቅርታ ትጠይቅ። ልጁን ግን ምን ብዬ ላማልደው? አንባቢ ተሳሳተ፣ ልጅ አረመ። ለእርማት ይቅርታ ሲጠየቅ ባገራችን አልሰማሁም። አንተ ሰምተህ ታውቃለህ ልጄ?»

ዶክተር እንዳለው ፊታቸው ቀላ። «አባ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። ግን ልጁ ተቻኮለ። ፋሻው ሲፈታ አየው ነበር።»

«እስቲ ፍታና እይ።»

«አሁን?»

«አሁን። ያኔ ልታየው የነበረውን አሁን እየው።»

ጓንት መጣ። ዶክተር እንዳለው ወንበሩ ሥር ተንበረከኩ። ፋሻውን ሲፈቱት ደንበኛ ሐኪም ናቸው፤ ቁስሉ እንኳ የተነካ አልመሰለውም። የመጨረሻው ጨርቅ ሲነሳ ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔም አሰገግሁ። ሁለቱ ጣቶች ጥቁር ናቸው፤ እንደ ያርጋል ጣቶች ጥቁር።

ዶክተር እንዳለው ረጅም ጊዜ አዩአቸው። አንዱን ጣት በቀስታ ጫን አደረጉት።

«ይኼ ይሰማዎታል አባ?»

«ይሰማኛል እንጂ። ትናንትናም ያሳክከኝ ነበር።»

«እየዳኑ ነው» አለች ትሕትና ከኋላ። «ጥቁረቱ እየለቀቀ ነው።»

ዶክተር እንዳለው ከተንበረከኩበት ሳይነሱ፣ ለማንም ይሁን ለማን፣ «ብፈታውም እቆርጠው ነበር» አሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ያልሰማው ግን አልነበረም።

ከዚያ ተነሱና ወደ ልደቱ ዞሩ። ትልቅ ይቅርታ የጠበቀ ካለ ዶክተር እንዳለውን አያውቃቸውም። «ፈተናህ ሰኞ ነው» አሉት። «ካላወቅህ ትወድቃለህ።»

«እሺ ዶክተር።»

«በዚህ ግን አትወድቅም።»

ልደቱ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ባይኖር ኖሮ ይወድቅ ነበር። እኔም እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ዶክተር እንዳለው አዲስ ፋሻ አንስተው ወደ እግሩ ጎንበስ ሲሉ ግን ያቺ ስሟ ያልያዛት ጎረቤቴ ካለችበት ሆና ጮክ አለች፦

«ስማቸውን አልጠየቁም።»

በልቤ «አሁንስ አበዛሽው» አልኋት። ዶክተር እንዳለው ፋሻውን እንደያዙ ቆሙ። ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ እንደ አንባቢው ተመለሱ።

«አባ፣ ስምዎ ማን ይባላል?»

«ስሜንማ ልጁ ጮክ ብሎ ነግሮህ አልነበር?»

«አውቀዋለሁ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ገብረ ክርስቶስ» አሉ ቄሱ። «እግሬም የራሴ ናት።»

ልደቱ ሰኞ ተፈተነ፤ አለፈ። እሳቸው ፈተናውን አክብደውበት ነበር ይላል፤ እኔ ደግሞ ሳያከብዱበት ቢቀሩ ነበር የምቀየመው። የጃናሞራው ወንበርም ካለበት አልተነሳም። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱ ይሰጣል፤ ዶክተር እንዳለው አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሲታረሙ አሁንም ይቀየማሉ፤ ግን አስተካክለው ያነቡታል።

የያርጋል ጣቶች በወጉ፣ በራሱ ስም ተቆረጡለት። አንድ ቀን አጥሚት ይዤ ስገባ ሌላ አዛውንት ካህን ሆዳቸውን ይዘው መጡ። ክፍሉ ተነሳ፤ ያርጋልም በአንድ እግሩ ቆሞ «ኖር» አለ። ካህኑ «በእግዜር» አሉና መስኮቱ ሥር ያለችውን ፀሐይ እያዩ ቆሙ፤ ሰውም ያርጋልን እያየ ቆመ።

ያርጋል ተመልሶ አልጋው ላይ ተጋደመ።

«ብርድ ልብሱን ይውሰዱት አባ» አለ። «ትራሱንም ከፈለጉ። አልጋዋን ግን አልለቅም።»